ወንዙ ሳይመለስ የሚደርስ ዘር

ከቲቤት ተነሥቶ የሂማላያን ተራሮች በምሥራቅ ዞሮ፣ የሕንዷን አሳም አቋርጦ ባንግላዴሽ የሚገባው ወንዝ በየደረሰበት ሌላ ስም አለው። ቲቤት ላይ ያርሉንግ ጻንግፖ፣ አሳም ላይ ብራህማፑትራ፣ ባንግላዴሽ ሲደርስ ደግሞ ጃሙና ይሉታል። እንደ ስሙ ሁሉ መንገዱም አይጸናም። እ.ኤ.አ. በ1787 ቲስታ የሚባለው ወንዝ በከባድ ጎርፍ አቅጣጫውን ለቆ ወደ ብራህማፑትራ ገባ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ዋናው ውኃ በሚመንሲንግ ከተማ አጠገብ የነበረውን መሄጃውን ትቶ ወደ ምዕራብ ዞረና የዛሬውን ጃሙና ሠራ። የተተወው መሄጃ እስከ ዛሬ «አሮጌው ብራህማፑትራ» እየተባለ፣ ቀጭን ወንዝ ሆኖ ይፈስሳል።

ጃሙና በአንድ ቦይ የሚወርድ ወንዝ አይደለም። በብዙ ሰርጥ ተከፋፍሎ፣ ደግሞ ተገናኝቶ፣ በአንዳንድ ሥፍራ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ ይሄዳል። ከጋንጀስ ጋር ሆኖ በየዓመቱ ወደ 1 ቢሊዮን ቶን የሚገመት ደለል ይዞ ይወርዳል። ከዚህ ደለል ከፊሉ ባሕር ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀርና ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲጎድል በሰርጦቹ መካከል አዲስ መሬት ብቅ ይላል። ቤንጋሎች ይህን መሬት ቻር ይሉታል። ከወንዙ ዳርቻ ጋር የተያያዘ ቻር አለ፤ ዙሪያውን ውኃ የከበበው፣ በጀልባ ካልሆነ የማይደረስበት ደሴትም አለ። አንዳንዱ ዛፍ እስኪያበቅል፣ መንደር እስኪመሠረትበት ድረስ ይቆያል፤ ሌላው በሚቀጥለው ክረምት ተቦርቡሮ ይጠፋል። በኩሪግራም፣ በጋይባንዳ፣ በጃማልፑር፣ በቦግራና በሲራጅጋንጅ አውራጃዎች በዚህ መሬት ላይ ቤት ሠርቶ የሚኖረው ሕዝብ በሚሊዮን ይቆጠራል።

ለዚህ ሕዝብ የተሻሻሉ የሰናፍጭ፣ የኦቾሎኒ፣ የሰሊጥና የሱፍ ዝርያዎችን የማድረስ ሥራ በባንግላዴሽ ከተጀመረ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሥራው ያስተማረው ነገር ብዙ ቢሆንም አንዱ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል፦ ወንዝ በሚያዝዝበት መሬት ላይ ዝርያ አስቀድሞ የሚለካው በቀን ነው፤ ኩንታሉ ቀጥሎ ይመጣል።

መሬቱና ዓመቱ

የባንግላዴሽ ክረምት ከእኛው ክረምት ጋር ይገጥማል። ወንዙ ሰኔ ላይ መሙላት ይጀምርና በሐምሌና በነሐሴ ቻሩን ያጥለቀልቃል፤ መስከረም ላይ መሸሽ ጀምሮ ጥቅምት ላይ መሬቱን ለገበሬው ይለቃል። ከዚያ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ የእርሻ ጊዜ ነው። ዝናቡ ግን እስከ ሚያዝያ ድረስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዘሩ የሚበቅለው ውኃው ትቶት በሄደው እርጥበት ነው።

ከሩቅ ሲያዩት ቻር ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል። ቀርበው ሲረግጡት ግን በአንዲት ደሴት ላይ እንኳ ሦስትና አራት ዓይነት አፈር ይገኛል። ውኃው በዝግታ ባለፈበት ቦታ ልሙና ወፍራም ደለል ይተኛል፤ ይህ መሬት እርጥበት ይይዛል፣ ሩዝም ያበቅላል። ውኃው በፍጥነት ባለፈበት ቦታ የሚቀረው አሸዋ ነው፤ እርጥበቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተንኖ ያልቃል፣ ማዳበሪያ ቢሰጠውም ከሥሩ ታጥቦ ይወርዳል። በአብዛኛው ሰልፈርና ቦሮን ያንሰዋል። ቦሮን ያጣ ሰናፍጭ አምሮ ያብባል፤ ፍሬ መያዝ ላይ ሲደርስ ግን ቆባው ባዶ ይሆናል። ገበሬው ዘሩን ሲረግም በሽታው አፈሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለቻር የሚሄድ የሰናፍጭ ዘር ጥቂት የቦሮን ማዳበሪያ ካልተከተለው ምርጥነቱ ማሳው ላይ አይታይም።

ይህ ሁሉ ባለበት የቅባት እህል ለምን ተመረጠ? አንደኛው ምክንያት እርጥበት ነው። ሰናፍጭ በቀሪ እርጥበት ብቻ፣ ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ውኃ ጠጥቶ ይደርሳል፤ በመስኖ የሚለማው የበጋ ሩዝ ግን ከችግኙ እስከ ፍሬው ፓምፕ አጠገቡ እንዲቆም ይፈልጋል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የሰሜን ባንግላዴሽ ደሃ ገበሬ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ የክረምቱ ሩዝ ሳይደርስና የቀን ሥራም ሳይኖር የሚያልፈው የረሀብ ወቅት አለው፤ ሞንጋ ይሉታል። ሞንጋን በብድር ያለፈ ቤተሰብ ቶሎ ወደ ገበያ የሚወጣ ምርት ያስፈልገዋል። በጥር የሚሰበሰብ ሰናፍጭ ዕዳ ይከፍላል፣ ለበጋው ሩዝ ማዳበሪያና ናፍጣ ይገዛል። ሦስተኛው ቤት ውስጥ ያለው ጥቅም ነው፦ ዘይቱ ለወጥ፣ ፋጉሎው ለከብትና ለዓሣ፣ አገዳው ለማገዶ።

ክፍተቱን የሞላው ሰናፍጭ

ደህና ደለል ባለው ቻርና በዙሪያው ባለው ሜዳ ላይ ዓመቱ በሁለት ሩዝ የተያዘ ነው። በክረምት የሚተከለው አማን በኅዳር ይታጨዳል፤ በጥር መጨረሻና በየካቲት ቦሮ የሚባለው የመስኖ ሩዝ ይተከላል። በሁለቱ መካከል መሬቱ ለሁለት ወር ተኩል ያህል ጾሙን ያድር ነበር። የባንግላዴሽ ግብርና ምርምር ተቋም (በአጭሩ ባሪ) የቅባት እህል አዳቃዮች ዓይናቸውን የጣሉት በዚህች ክፍተት ላይ ነው።

ገበሬው ራሱ ክፍተቷን በከፊል ያውቃት ነበር። ቶሪ-7 የሚባለው የቆየ ሰናፍጭ ከ70 እስከ 80 ቀን ውስጥ ይደርሳል፤ ምርቱ ግን በሄክታር ከ10 ኩንታል ብዙም አያልፍም፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ባሪ ሳሪሻ-14 በዚያው ከ75 እስከ 80 ቀን ውስጥ ደርሶ በሄክታር ከ14 እስከ 16 ኩንታል ይሰጣል። በቀኑ ላይ ምንም ሳይጨምር በኩንታሉ ላይ ግማሽ ያህል ጨመረ። ቢጫ ፍሬው ለዓይን ያምራል፣ ዘይቱም በዛ ያለ ነው። ሚመንሲንግ ላይ ያለው የኑክሌር ግብርና ምርምር ተቋምም (በአጭሩ ቢና) ዘርን በጨረር በመምታት ከሚገኙ ለውጦች መካከል ቀድመው የሚደርሱትን እየለየ የራሱን የሰናፍጭ ዝርያዎች አውጥቷል።

ባሪ ከሳሪሻ-14 የበለጠ ምርት የሚሰጡ ዝርያዎችም አሉት። ባሪ ሳሪሻ-11 እና ባሪ ሳሪሻ-16 በሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ ሊሰጡ የሚችሉ፣ ድርቅንና ጨውን የሚታገሡ ናቸው። ለመድረስ ግን ከ105 እስከ 110 ቀን ይፈልጋሉ። በሁለት ሩዝ መካከል ለሚያርሰው ገበሬ እነዚህ 30 ትርፍ ቀናት ቦሮውን ያሳጡታል፤ ቦሮ ማለት ደግሞ የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ አንደኛ የሆነው ዝርያ በእርሱ ማሳ ላይ መጨረሻ ይወጣል። እዚያው ደሴት ላይ ፓምፕ የማይደርስበት፣ ቦሮ የማይታሰብበት አሸዋማ መሬት ያለው ጎረቤቱ ግን ሌላ ስሌት አለው። ለእርሱ የሚያስቸኩል ሩዝ የለም፤ የሚያሰጋው የእርጥበቱ ቶሎ ማለቅ ነው፤ ድርቅ የሚታገሠው ባለ 110 ቀኑ ሰናፍጭ ይስማማዋል። አንድ ዝርያ ለቻር ሁሉ ይዞ የሚሄድ ባለሙያ ከሁለቱ አንዱን ማሳዘኑ አይቀርም።

ክፍተቷን ለመጠቀም ሰናፍጩን ማሳጠር ብቻውን አልበቃም። ሰናፍጭ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መግቢያ ባለው ጊዜ ካልተዘራ አበባው ከክሽክሽ መብዣ ጊዜ ጋር ይገናኛል፤ ጥር ላይ ጭጋግና ደመና ሲበዛ ክሽክሹ አበባውንና ለጋ ቆባውን ወርሮ ጭማቂውን ይመጥጠዋል፣ ቅጠሉንም ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣው ፈንገስ ይይዘዋል። ነባሩ አማን ግን በዚያ ጊዜ ገና ማሳው ላይ ቆሟል። መፍትሔው ሩዙንም ማሳጠር ሆነ፦ ቢና ዳን-7ን የመሰሉ፣ በ4 ወር ገደማ የሚደርሱ የአማን ዝርያዎች ሲገቡ መሬቱ በጊዜ ተለቀቀ። ይህ ባልሆነበት ቦታ ደግሞ ገበሬዎች አማኑ ሊታጨድ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ሰናፍጩን በቆመው ሩዝ ውስጥ ይበትኑታል፤ ሩዙ ሲታጨድ ሰናፍጩ በቅሎ ይገኛል። ማረሻ አልነካውም፣ እርጥበቱም አልባከነም። የሰናፍጩ ታሪክ እንግዲህ የሩዙም ታሪክ ነው፤ አንድ አዲስ ዘር ቦታ የሚያገኘው ከፊቱና ከኋላው ያለው ዘር ፈቀቅ ሲልለት ነው።

ሰናፍጭ ሲያብብ የሚመጣ ሌላ እንግዳም አለ። በሲራጅጋንጅና በአካባቢው ንብ አናቢዎች ቀፏቸውን በመኪና ጭነው እየመጡ በቢጫው ማሳ ዳር ይደረድራሉ። መጀመሪያ ላይ አበባውን ይጨርሱብናል ብለው የሠጉ ገበሬዎች ነበሩ፤ ንብ የጎበኘው ማሳ ቆባው እንደሚሞላ ሲታይ ግን ሥጋቱ ቀነሰ። ማር ለአናቢው፣ ፍሬ ለገበሬው ይሆናል። በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው ሁለቱንም ይጎዳል፤ መርጨት ግድ ከሆነ ንቦቹ ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ ወደ ማታ ይሁን የሚባለውም ለዚህ ነው።

ከአሸዋ ሥር የሚለቀም

በአሸዋው ላይ የሚነግሠው ኦቾሎኒ ነው። ኦቾሎኒ አበባውን ከመሬት በላይ ያወጣል፤ ከተዳቀለ በኋላ ግን ከአበባው ሥር ቀጭን ዘንግ ወደ ታች ያድግና አፈሩን ወግቶ ይገባል፣ ፍሬውም እዚያ ጨለማ ውስጥ ይፈጠራል። ጭቃማ አፈር ሲደርቅ ለዚህ ዘንግ አይበገርለትም፤ ሲነቀልም ፍሬው ተበጥሶ መሬት ውስጥ ይቀራል። ልል አሸዋ ግን ሲገባም ሲወጣም አያስቸግረውም። በሥሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ስለሚያዘጋጁለት ማዳበሪያም ብዙ አይፈልግም። ለሩዝ የማይሆነው መሬት ለእርሱ ምቹ የሚሆነው በዚህ ነው።

ነባሩ የቻር ኦቾሎኒ ዳካ-1 ነው፤ ሕዝቡ ማይዝቻር ባዳም ይለዋል። ፍሬው ደቃቅ ነው። ባሪ ቺናባዳም-8ን የመሰሉ አዳዲስ ዝርያዎች በፍሬ መጠንም በምርትም ይበልጡታል፤ በሄክታር እስከ 25 ኩንታል ሊደርሱ ይችላሉ። ለመድረስ ግን በበጋ ከ140 እስከ 150 ቀን ይወስዳሉ፤ በኅዳር የተዘራ በሚያዝያ ይለቀማል ማለት ነው። ዘግይቶ የተዘራ ከሆነ መልቀሚያው ወደ ግንቦት መጨረሻና ወደ ሰኔ ይገፋል። ወንዙ ቀድሞ በሞላበት ዓመት ቤተሰቡ በሙሉ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ያልበሰለ ኦቾሎኒ ይነቅላል፤ ያልበሰለ ፍሬ ደግሞ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ዋጋውም ይወድቃል። በኦቾሎኒ ላይ የሚሠሩ አዳቃዮች ትልቁ ጥያቄ እንግዲህ የፍሬው መፋፋት ብቻ አይደለም፤ ከ140 ቀን ላይ ሁለትና ሦስት ሳምንት መቁረጥ የሚችል ዝርያ በቻሩ ላይ ከሁሉ ይከበራል።

ኦቾሎኒ ሌላም ችግር አለበት፤ የዘር ችግር። ሰናፍጭ ለአንድ ሄክታር 7 ኪሎ ያህል ዘር ይበቃዋል፤ ከዚያ 14 ኩንታል ቢገኝ እያንዳንዱ ኪሎ 200 ኪሎ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። አንድ ገበሬ ዛሬ ያገኛት አንድ ኪሎ ምርጥ ዘር በሁለተኛው ዓመት ሰፈሩን፣ በሦስተኛው አካባቢውን ልታዳርስ ትችላለች። ኦቾሎኒ ግን ለአንድ ሄክታር ወደ 100 ኪሎ ዘር ይፈልጋል፤ 20 ኩንታል ቢሰጥ የተባዛው 20 እጥፍ ብቻ ነው። የሰናፍጭ ዝርያ በጥቂት ዓመት አገር ሲያዳርስ የኦቾሎኒው ዝርያ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሚንፏቀቀው በዚህ ሒሳብ ምክንያት ነው።

ሒሳቡን የሚያከፋው ክረምቱ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የተለቀመ ኦቾሎኒ እስከ ኅዳር ድረስ ስድስት ወር መቀመጥ አለበት፤ እነዚያ ወራት ደግሞ አየሩ ውኃ የሚጨመቅባቸው ናቸው። በቅባት የበለጸገ ፍሬ እርጥበት ሲያገኝ ይሻግታል፤ ሳይሻግት ቢቀር እንኳ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። በጆንያ የተቀመጠ ዘር ኅዳር ላይ ሲዘራ ግማሹ ሳይበቅል የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ገበሬዎችና ባለሙያዎች ሁለት መላ አላቸው። አንዱ ፍሬውን ከነቅርፊቱ በሚገባ አድርቆ፣ አየር በማያስገባ በርሜል ወይም በፕላስቲክ በተለበጠ ከረጢት አሽጎ ማቆየት ነው። ሌላው ውኃ የማይደርስበት ከፍታ መሬት ላይ በክረምት ጥቂት ኦቾሎኒ ዘርቶ በጥቅምትና በኅዳር ትኩስ ዘር መልቀም ነው። ሁለተኛው መላ ከፍታ መሬት ያለው ሰው ዘር ሻጭ፣ ቻር ላይ ያለው ደግሞ ዘር ገዢ እንዲሆን አድርጓል።

የመጀመሪያው መላ በሴቶች እጅ ነው። ወንዶቹ በሥራ ፍለጋ ወደ ዳካና ወደ ሌሎች ከተሞች ሲሄዱ ዘሩን የምታደርቀው፣ የምትለቅመውና የምታሽገው ሴቲቱ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በብሪታንያ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው የቻር ኑሮ ማሻሻያ ፕሮግራም አፈር አስቆልሎ ቤቶችን ከጎርፍ በላይ ከፍ ሲያደርግ ዓላማው ነፍስንና ከብትን ማዳን ነበር። ከፍ ያለ ወለል ላይ የተቀመጠ የዘር በርሜልም አብሮ ዳነ። ለምርጥ ዘር ሥርጭት ከአዳቃዩ ላቦራቶሪ ያልተናነሰ ሥራ የሠራው ይህ የአፈር ቁልል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዘሩ በምን መንገድ ይደርሳል

በመንግሥት በኩል ያለው መንገድ የታወቀ ነው። ምርምር ተቋሙ የአዳቃይ ዘር ያወጣል፤ የባንግላዴሽ የግብርና ልማት ኮርፖሬሽን ያባዛዋል፤ የግብርና ኤክስቴንሽን መሥሪያ ቤቱ ለገበሬው ያደርሳል። የሰናፍጭ ድጎማ የሚሰጠው በአንድ ቢጋ መሬት ልክ ነው፤ ቢጋ ማለት ከ1,300 ካሬ ሜትር በጥቂት የሚበልጥ ነው። ለአንድ ቢጋ 1 ኪሎ ዘርና 20 ኪሎ ማዳበሪያ ይታደላል። ቁጥሩ ሆን ተብሎ ትንሽ የተደረገ ነው፦ ገበሬው የማያውቀውን ዘር በመላ መሬቱ ላይ እንዲዘራ አይገደድም። ቢበላሽ የሚጎድልበት ትንሽ ነው፤ ቢሳካ ግን ከዚያች 1 ኪሎ ለቀጣዩ ዓመት ለራሱም ለጎረቤቱም የሚተርፍ ዘር ያገኛል።

ማሳመኛው ሠርቶ ማሳያ ማሳ ነው። አዲሱ ዝርያ ከነባሩ ጎን ለጎን ይዘራል፤ በመስክ ቀን የሰፈሩ ሰው ተጠርቶ ያያል፣ ቆባ ሰብሮ ፍሬ ይቆጥራል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ሠርቶ ማሳያው ለባለሙያው መኪና እንዲመች ከመንገድ አጠገብ፣ ደህና ደለል ባለው መሬት ላይ፣ ደህና ኑሮ ባለው ገበሬ ማሳ ይዘጋጃል። አሸዋ ላይ የሚያርሰው ደሴተኛ መጥቶ አይቶ፣ አድንቆ ይመለሳል፤ ዘሩን ግን አይወስደውም፣ ያየው የእርሱን መሬት አይደለምና። በጀልባ ተሻግሮ አሸዋው ላይ የተዘራ፣ ምርቱም አነስተኛ የሆነ ሠርቶ ማሳያ ከመንገድ ዳሩ ለምለም ማሳ ይልቅ ብዙ ሰው ያሳምናል።

ዘሩ ከገበሬ ወደ ገበሬ ማለፍ መቻሉም ከዝርያው ዓይነት ጋር ይያያዛል። በሜግና ወንዝ አፍና በደቡብ ባሕር ዳርቻ ባሉ ጨዋማ ቻሮች ሱፍ ተስፋ የተጣለበት ሰብል ነው፤ ጨውን ከብዙ ሰብል ይልቅ ይታገሣል፣ ሥሩም ጠልቆ እርጥበት ይፈልጋል። በብዛት የሚዘሩት ግን ሃይሰን-33ን የመሰሉ ዲቃላ ዝርያዎች ናቸው። የዲቃላ ፍሬ ተመልሶ ቢዘራ ወላጁን አይመስልምና ገበሬው በየዓመቱ ከሻጭ መግዛት አለበት። ድጎማው ሲቆም እርሻውም አብሮ የሚቆምበት ቦታ የሚኖረው ለዚህ ነው። በአጭር ቁመቱ ንፋስ የማይጥለው፣ ዘሩም ከማሳው ሊያዝ የሚችል የሱፍ ዝርያ ከተቋሙ መውጣቱ ይህንኑ ለማቃለል ነው። ሱፍ የሚገዛና የሚጨምቅ ሰው በቅርብ ከሌለ ደግሞ ዝርያው የቱንም ያህል ቢሻሻል ከጎተራ አይወጣም፤ ሰናፍጭ ግን መጭመቂያ የሌለበት ገበያ ማግኘት አዳጋች ነው።

መሬቱ የማን ነው

በቻር ላይ ከአፈሩም ከዘሩም የሚከብድ ጥያቄ አለ። ወንዝ የበላው መሬት ሌላ ቦታ ሲወለድ የማን ይሆናል? በባንግላዴሽ ሕግ የተሸረሸረ መሬት ሺካስቲ፣ ተመልሶ የወጣው ደግሞ ፓያስቲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ተመልሶ የወጣውን መሬት ሁሉ ለመንግሥት አድርጎ ለመሬት አልባ እንዲታደል አስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የተሻሻለው ሕግ ግን መሬቱ በ30 ዓመት ውስጥ ተመልሶ ከወጣ የቀድሞው ባለቤት መብት እንዲጠበቅ አደረገ።

ሕጉ በወረቀት ይህን ቢልም አዲስ ቻር ሲወጣ ቀድሞ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ዱላ የያዘ ነው። ላቲያል የሚባሉ ዱለኞችን አሰማርቶ መሬቱን የሚይዝ ባለሀብት የቻር ታሪክ አካል ነው። ደሃው ገበሬ ከእርሱ መሬቱን በእኩል ይወስዳል፤ ዘሩንና ማዳበሪያውን ራሱ ችሎ ምርቱን ያካፍላል። እንዲህ ላለ ሰው የረጅም ጊዜ ምክር ሁሉ ባዶ ነው። አፈሩን በፍግ አዳብር ቢባል፣ የሚቀጥለው ዓመት መሬቱን ማን እንደሚያርሰው አያውቅም። በ80 ቀን የሚሰበሰብ ሰናፍጭ ግን ይገባዋል፦ ወንዙም ባለመሬቱም ሳይመለሱ ፍሬው እጁ ይገባል። አጭር ዝርያ መሬት አልባውን የጠቀመው አዳቃዮቹ ለእርሱ ብለው ስላሳጠሩት አይደለም፤ የእርሱ ኑሮ ራሱ በአጭር ቀን የተቆረጠ ስለሆነ ነው።

የዘይቱ ነገር

ባንግላዴሽ ከምትበላው ዘይት አብዛኛውን ከውጭ ታስገባለች፤ አኩሪ አተር ከደቡብና ከሰሜን አሜሪካ፣ ፓልም ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት የዘይት ዋጋን ሲያንር፣ ኢንዶኔዥያም በሚያዝያና በግንቦት የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይላክ ለጥቂት ሳምንታት ስትከለክል የዳካ ሱቆች መደርደሪያ ተራቆተ። መንግሥት በ3 ዓመት ውስጥ ከአገሪቱ የዘይት ፍላጎት 40 በመቶውን ከአገር ውስጥ ለመሸፈን ዕቅድ ያወጣው በዚያው ዓመት ነው። ዕቅዱ የተመሠረተው አዲስ መሬት በመመንጠር ላይ ሳይሆን ያቺኑ በሁለት ሩዝ መካከል ያለች ክፍተት በሰናፍጭ በመሙላት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰናፍጭ የሚሸፈነው መሬት በእጅጉ ሰፍቷል።

የሰናፍጭ ዘይት የራሱ ክርክር አለበት። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ጠረን ፍሬው ሲፈጨና ውኃ ሲነካው ከሚፈጠር ውሕድ የሚመጣ ነው፤ ቤንጋሊ ያለ እርሱ ዓሣ ዓሣ አይመስለውም። ነባሩ ሰናፍጭ ግን ኤሩሲክ የሚባል አሲድ በብዛት አለው፤ በእንስሳት ላይ የተደረገ ጥናት ለልብ ያሠጋል ስላለ አሜሪካ ውስጥ ዘይቱ ለምግብነት አይፈቀድም። ተቋሙ ለዚህ ያወጣው መልስ ባሪ ሳሪሻ-18 ነው፤ ኤሩሲኩ እጅግ የቀነሰለት፣ ካኖላ ከሚባለው ወገን የሆነ። ለመድረስ ግን ከ95 እስከ 100 ቀን ይፈልጋል። ዘይቱ ለጤና የተሻለ መሆኑ ከተነገረው ገበሬ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ያው ነው፦ ቦሮዬስ?

ለእኛም የሚሆን

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1935 ናጋሃሩ ዩ የተባለው ተመራማሪ የጎመን ዘሮችን የዘር ሐረግ ሲዘረጋ ባለ 110 ቀኑ የቻር ሰናፍጭና የእኛ ጎመንዘር በአንድ ወላጃቸው፣ በጥቁር ሰናፍጭ፣ እንደሚገናኙ አሳይቷል። ጎመንዘርም እንደ ነባሩ ሰናፍጭ ኤሩሲክ የሚበዛበት በመሆኑ ያንን የመቀነስ ጥያቄ በእኛው የሆለታ ምርምር ማዕከልም በጋይባንዳም አንድ ነው። ኑግ ደግሞ ከደጋችን ወጥቶ በጥንት ዘመን ወደ ሕንድ ክፍለ አህጉር የተሻገረ ሰብል ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ጉጂ ቲል በሚል ስም በቻር ላይ ሳይቀር ይዘራል፤ ምርምር ተቋማቸውም የተሻሻለ ዝርያ አውጥቶለታል። ሥሩ ውኃ በተኛበት አፈር ውስጥ አየር የሚያመላልስ ሥሪት ስላለው ሰሊጥ የሚሞትበትን እርጥብ መሬት ኑግ ይችለዋል።

ወንዝና ሐይቅ የሚያዝዙት መሬትም እኛ ጋ አለ። በጣና ዙሪያ ውኃው ሲጎድል የሚታረሰውን ባሕር ሸሽ እንለዋለን። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከተነሣ በኋላ በቀሪ እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በታችኛው ኦሞ ወንዙ ተመልሶ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይበቅላል፤ በዋቢ ሸበሌ ዳርም ሰሊጥ ይዘራል፣ ቀላፎ-74 የሚባለው የሰሊጥ ዝርያችን እንኳ የዚያን ወንዝ ከተማ ስም የያዘ ነው። የምግብ ዘይታችንንም እንደ ባንግላዴሽ በአብዛኛው ከውጭ እናመጣለን። ሆለታ የደጋውን፣ ወረር የቆላውን የቅባት እህል ለብዙ ዘመን ሲመረምሩ ኖረዋልና በእጃችን ያለው ዝርያ ጥቂት አይደለም።

የቻሩ ልምድ የሚነግረን ዝርያዎቹን በምን ወንፊት ማጣራት እንደሚገባ ነው። ባሕር ሸሽ መሬት ላይ ምርጥ ዘር ይዞ የሚወርድ ባለሙያ አስቀድሞ ውኃው መቼ እንደሚሸሽና መቼ እንደሚመለስ፣ በዚያ መካከል ገበሬው የማይለቀው ሰብል የቱ እንደሆነ ይጠይቅ። ቀጥሎ ዘሩን ገበሬው ራሱ አባዝቶ ማስቀመጥ ይችል እንደሆነና መሬቱን ለሚቀጥለው ዓመት ስለመያዙ ይጠይቅ። «በሄክታር ስንት ኩንታል ይሰጣል?» የሚለው ጥያቄ ቦታው ከእነዚህ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሳተ ዝርያ በምርምር ጣቢያው ማሳ አንደኛ ወጥቶ በወንዙ ዳር ማሳ ዘሪ ያጣል።